ጋሽ ሰይድ፣ ሳተላይቱና ቀዩ ጫካ

የጋሽ ሰይድ እንድሪስን ሞት የሰማሁት ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በምትወጣ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንደኛው፣ ያ ከሰማይ ሆኖ ዛፍ የሚቆጥረው ሰውዬ ሞተ አሉ፣ ትናንት ቀበሩት አለ። ሌላው ከንፈሩን መጠጠና ቆጥሮ ጨርሶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። እኔም አንገቴን በመሃላቸው አስግጌ፣ «አይቆጥሩም ነበር፤ ይገምቱ ነበር» አልኳቸው። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጋሽ ሰይድ ቢሰሙኝ ደስ ይላቸው ነበር። የቆጠራንና የግምትን ልዩነት ላገኙት ሰው ሁሉ ማስረዳት እንደ ግዴታ የሚያዩት ነገር ነበር። በለቅሶ ቤትም፣ በሻይ ቤትም፣ መንገድ ላይ ጫማ ሲያስጠርጉም ያስረዱ ነበር።

በደርግ ጊዜ ደሴ ውስጥ በአንድ የደን መሥሪያ ቤት ካርታ ነዳፊ ሆኜ እሠራ ነበር፤ ጋሽ ሰይድ አለቃዬ ነበሩ። የኩታበር ገበሬ ልጅ ናቸው። መንግሥት ውጭ አገር ልኳቸው የደን ትምህርት ተምረው ሲመለሱ አንድ ሙያ ይዘው መጡ፤ ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ አይተው አንድ ጫካ ውስጥ ምን ያህል እንጨት እንዳለ መገመት። ይህ እንግዲህ ከደሴ ኮምቦልቻ ስልክ ለመደወል ጠዋት ተመዝግበን ከሰዓት በኋላ ወረፋ በምንጠብቅበት ዘመን ነው።

ቀጭንና ረጅም ነበሩ። ሰው ሲተዋወቁ መጀመሪያ የሚያዩት ደረቱን ነው። የዛፍ ውፍረት የሚለካው በሰው ደረት ከፍታ ላይ ስለሆነ ልማዱ ሰው ላይም አልለቀቃቸውም። ደንደን ያለ ሰው ቢሮ ከገባ ዓይናቸው ደረቱን ዞሮ ይመጣል፤ ከንፈራቸውም በዝምታ ያሰላል። አንድ ቀን ገንዘብ ያዣችን ወይዘሮ አልማዝ፣ ምን ያፈጡብኛል ብለው ተቆጧቸው። ጋሽ ሰይድ ደንግጠው፣ «ይቅርታ ወይዘሮ አልማዝ፣ ጥድ መስለውኝ ነው» አሉ። ወይዘሮዋ ለረጅም ጊዜ አኮረፉ። ጥድ በጋሽ ሰይድ ሚዛን ከምስጋና ሁሉ በላይ የሆነ ምስጋና እንደነበር ብነግራቸውም አላመኑኝም።

ሌላው ነገራቸው መሐላ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ጨው ሲገዛም፣ በቅሎ ሲሸጥም፣ ደህና አደርኩ ሲልም ወላሂ ይላል። ጋሽ ሰይድ ሶላታቸውን የማያጓድሉ ሰው ሆነው ሳለ ወላሂ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። በዓይናቸው ያላዩትን፣ በእጃቸው ያልዳሰሱትን ነገር ሲጠየቁ፣ «ግምት ላይ አይማልም» ይላሉ፤ በቃ። ሰዓት ብትጠይቋቸው፣ ሰባት ሊሆን ትንሽ ቀርቶታል፣ ሰዓቴ ካልዋሸ ይሏችኋል። ሻዩ ስኳር በዛበት እንዴ ብትሏቸው፣ እስካሁን ደህና ነው፣ ከሥሩ ግን ገና አልደረስኩም ይላሉ።

ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ በዚህ ነገር ሲያሾፉባቸው አይጠግቡም ነበር። እሳቸው እንደነገሩኝ፣ ጋሽ ሰይድ ሽማግሌ ይዘው ለጋብቻ በመጡ ጊዜ የእትዬ ዘይነባ አባት፣ ልጄን በደህና ታኖራታለህ ወይ ብለው ጠየቋቸው። ጋሽ ሰይድ ጥቂት አሰቡና ይመስለኛል ብለው መለሱ። አባትየው ተነስተው በሩን ሊያሳዩአቸው ነበር። እትዬ ዘይነባ ከጓዳ ሆነው፣ እህቶቼን ያገቡት ሁሉ ወላሂ ብለው ነው የወሰዷቸው፣ ከነሱ ይልቅ ይሄ ይሻለኛል ብለው ቤቱን ጉድ አሰኙ። «ይኸው» ይሉኝ ነበር፣ «እስካሁን እንደመሰለው እያኖረኝ ነው።»

ፎቶው የመጣ ቀን ትዝ ይለኛል። በረጅም ካርቶን ቱቦ ተጠቅልሎ ከአዲስ አበባ ተላከልን። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ታጥበው መጥተው በትልቁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉት። የቢሮው ሰው ተሰበሰበ። አገሩ ሁሉ ግራጫና ቀይ ነው። ወይዘሮ አልማዝ ኩርፊያቸውን ረስተው፣ ምነው፣ ተቃጥለናል እንዴ አሉ።

ጋሽ ሰይድ ሲያስረዱ ድምፃቸው ዝግ ይላል። ቅጠል ለእኛ ዓይን አረንጓዴ ነው፤ ነገር ግን ዓይናችን የማያየው ሌላ ብርሃንም ያንፀባርቃል። ሳተላይቱ ያን ያያል፤ ያን ነው በቀይ ቀለም የሚያትሙት። ጠቆር ያለው ቀይ ያረጀ ጥድ ሊሆን ይችላል። ፈክቶ የሚንቦገቦገው ደግሞ ለጋና ውሃ የጠገበ ነገር ነው። ሊሆን ይችላል የምትለዋን ቃል ረገጥ አድርገው ነው የሚሏት። ከዚያ በኋላ ጫካው ውስጥ በእግር ተገብቶ፣ እዚህም እዚያም ትንሽ ትንሽ ቦታ ተመርጦ፣ እዚያ ያሉት ዛፎች ውፍረትና ቁመት ተለክቶ፣ የዚህ ዓይነት ቀይ ይህን ያህል እንጨት አለው ተብሎ ለጠቅላላው ይሰላል። «እህል ነጋዴ ጆንያውን ሁሉ አይዘረግፍም» ይሉን ነበር። «ከላይ አንድ እፍኝ፣ ከሥር አንድ እፍኝ ያወጣል። እጁን ሳይከት ጆንያ አይቶ የሚገዛ ግን ይከስራል።»

የሳተላይቱ ወሬ ደሴን አዳረሰ። ከሰማይ የሚያይ ነገር መጣ ተባለ። በጣም የፈሩት እናቴ ናቸው። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ በዚያን ጊዜ ጸሎት ቤታችን ታሽጎ እሑድ እሑድ በየቤቱ ተራ ገብተን በሹክሹክታ ነበር የምንዘምረው። እናቴ ሳተላይቱ በር ላይ የሚደረደረውን ጫማ ያያል ብለው ስለሰጉ፣ የመጣውን ሰው ሁሉ ጫማውን በጉያው ይዞ እንዲገባ ያደርጉ ጀመር። ኋላ ግን አላስችል ብሏቸው ጋሽ ሰይድን ቤት ጠርተው ምሳ አበሉና ነገሩን አዙረው አዙረው ጠየቁ። ለምሳሌ አሉ፣ አንድ ቤት በር ላይ ለምሳሌ ብዙ ጫማ ቢኖር።

ጋሽ ሰይድ ለምሳሌው የማን ቤት እንደሆነ ወዲያው ገባቸው። ግን አልሳቁም።

«አብሽሩ እመቤት፣ አይስጉ» አሉ። «ያ ፎቶ የተሠራው ከነጥብ ነው። አንዷ ነጥብ አንድ ሰፊ ማሳ ትሸፍናለች። የእርስዎ ቤት፣ ግቢው፣ ጎረቤትዎና የጎረቤትዎ ጎረቤት ተደምረው አንድ ነጥብ አይሞሉም። ጫማችሁን በር ላይ አውልቁ።»

እናቴ ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎታቸው ለጋሽ ሰይድ ዕድሜ ይለምኑ ነበር። ጋሽ ሰይድም ይህን ሲሰሙ ዱዓ ዱዓ ነው፣ አይመለስም ይሉ ነበር።

ነገሩ የከፋው ጓድ አስራት ፎቶውን ያየ ዕለት ነው። ጓድ አስራት አዲስ የተሾመ የፓርቲ ተጠሪ ነው፤ የጎጃም ሰው ሲሆን ወሎን ገና አልለመደውም። ክፉ ሰው ነው ለማለት ይቸግረኛል። ችኩል ነበር። ቢሮአችን ገብቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ሲያይ ባርኔጣውን አወለቀ። ደናችን ሳይቀር ቀይ ሆነ ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሽ ሰይድ ቀለሙ ከፖለቲካ ጋር እንደማይገናኝ ሊያስረዱት ሞከሩ። ጓድ አስራት ከፖለቲካ የማይገናኝ ቀለም የለም ብሎ ዘጋቸው።

በዚያ ሰሞን ኮምቦልቻ ላይ ትልቅ የጣውላ መሰንጠቂያ ፋብሪካ ይቋቋም ተብሎ ይታሰብ ነበር። የሚጠበቀው የጋሽ ሰይድ ግምት ነው፤ እንጨቱ ከበቃ ይቆማል፣ ካልበቃ ይቀራል። እኛ በደንብ የምናውቀው ጫካ ኮምቦልቻ አጠገብ፣ የጎፍ ተራራ ላይ ያለው ነው። ጋሽ ሰይድ ደግሞ የጎፍን ጥዶች እንደ ታላላቅ ወንድሞቻቸው ነበር የሚያዩአቸው። ጓድ አስራት ግን ጣቱን ወደ ታች ወስዶ፣ ከሀርቡ በታች ከመኪናው መንገድ ራቅ ብሎ፣ ቦርከና ወንዝ የሚንጣለልበት ሜዳ ላይ አሳረፈው። እዚያ ከፎቶው ሁሉ የደመቀ፣ እሳት የመሰለ ቀይ ነበር። ከዚህ የበለጠ ደን የት አለ አለ።

ጋሽ ሰይድ ያን ቦታ በእግራቸው እንዳልረገጡት፣ ከቀለሙ ግን ረግረግ እንደሚመስላቸው፣ መኪናና ነዳጅ ቢሰጣቸው ሄደው እንደሚያዩት ተናገሩ። መኪናው ግን ለአብዮት በዓል ዝግጅት ተይዟል። ጓድ አስራት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ቆመ።

«እሺ፣ ደን አይደለም፣ ረግረግ ነው ብለህ ትምላለህ?»

«ሳላይ አልምልም ጓድ። ግምት ላይ አይማልም።»

«ካልማልክ እንግዲያው ደን ነው» አለና ሄደ።

በዚያው ሳምንት ከኮምቦልቻ በታች እስካሁን ያልታወቀ ታላቅ ደን በሳተላይት መገኘቱ ለበላይ አካል ተነገረ። በላይ ያሉትም ተደሰቱ። ብዙም ሳይቆይ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ደኑን በዓይኑ ሊያይ ከአዲስ አበባ መጣ። ለበዓሉ የተያዘችው መኪና በአንዴ ተገኘች። እኔም ፎቶውን ተሸክሜ ከኋላ ተሳፈርኩ። ጋሽ ሰይድ መንገዱን ሁሉ በመስኮት ወደ ውጭ ያዩ ነበር። ሀርቡን አልፈን ከመንገድ ወጥተን ከኮረብታው ጀርባ ስንወርድ ብቻ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ ጫማሽን ማሰሪያ ያለው ብታደርጊ ኖሮ ጥሩ ነበር አሉኝ።

እውነት ለመናገር ከሩቅ ሲታይ ጫካ ይመስላል። ፊላውና ደንገሉ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ በነፋስ ይወዛወዛል። ጓድ አስራት እንግዳውን ወደ ኋላ ትቶ በአዲስ ቦት ጫማው ፊት ፊት ሄደ። ጥቂት እንደተራመደ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰመጠ። ወደ ኋላ ሳይመለከት፣ ይህ እርጥበት ደኑ የሚያመነጨው ነው ብሎ ማብራራት ቀጠለ። እስከ ጉልበቱ ሲደርስም ስለ ፋብሪካው ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይናገር ነበር። እስከ ጭኑ ሲገባ ግን ንግግሩ እየሳሳ ሄዶ ቆመ።

እንግዳው ንግግሩ እንዳያመልጠው ፈልጎ ይሁን ወይም አፍሮ አላውቅም፣ ተከትሎት ገባ፤ አንድ ጫማው እዚያው ቀረ። ጋሽ ሰይድ ጫማቸውን አውልቀው፣ ማሰሪያውን አስረው አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው ቢስሚላህ ብለው ገቡና ጓድ አስራትን በብብቱ ያዙት። ግን ቀጭን ስለሆኑ ጉልበት አጥሯቸው ሊያወጡት አልቻሉም። ሁለቱ ተቃቅፈው ቆሙ።

ከብት የሚያስግጡ ሼህ ሙሄ የሚባሉ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው ይመለከቱን ኖሯል። ቀስ ብለው መጡ። ሰላምታ ሰጥተው፣ የሁላችንንም ደህንነት ተራ በተራ ጠይቀው ሲያበቁ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው አሉ። የመለሱላቸው ጋሽ ሰይድ ናቸው።

«ጫካ ጠፍቶብን ነው አባባ።»

ሼህ ሙሄ ፊላውን አዩ፣ እኛን አዩ። «ላም ጠፋ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ» አሉ። «ጫካ ሲጠፋ ግን ዛሬ ነው የሰማሁት። አላህ ያገናኛችሁ።» ከዚያ ከብት የሚያስሩበትን ገመድ ወርውረው አንድ በአንድ አወጧቸው። ደረቁ መንገድ በዚያ በኩል እንደነበረም አሳዩን፤ ለካ ወገኖቻቸው በየቀኑ የሚመላለሱበት ነው።

እስከዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ደረቅ መሬት ላይ ከወጣን በኋላ ግን የሚያስቅ ነገር አልነበረም። እንግዳው ባንድ እግሩ ካልሲ ብቻ ቆሞ፣ ይህን ደን ነው ያለው ማነው ብሎ ጠየቀ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር። በዚያን ዘመን የኢኮኖሚ አሻጥር የሚባል ቃል ነበር፤ ያ ቃል የወጣበት ሰው ማታ ቤቱ ላይገባ ይችላል። ጓድ አስራት ጭቃውን እየጠረገ አመድ መሰለ። እኔ የጋሽ ሰይድን አፍ አያለሁ። አንዲት ቃል ብትወጣ ጓድ አስራት አለቀለት፤ ከተደበቀችም ጋሽ ሰይድ አለቀላቸው።

«ጥፋቱ ከእኔ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ። «ረግረግ ነው ብለህ ማል ተብዬ ተጠይቄ ነበር። አልማልኩም። ቦታውን ሳላይ ስለማልምል ነው። አሁን አይቼዋለሁ፤ ወላሂ ረግረግ ነው።»

ወላሂ ሲሉ የሰማኋቸው የዚያን ቀን ብቻ ነው። ሸሚዛቸው እስከ ደረት ጭቃ ነው፤ ጫማቸው አንገታቸው ላይ ይወዛወዛል። ሼህ ሙሄም ከበስተኋላ ሆነው እውነታቸውን ነው፣ ረግረግ ነው ብለው መሰከሩ። እንግዳው መጀመሪያ አፍንጫው ነው የተንቀሳቀሰው፤ ቀጥሎ ትከሻው። ሳቁ ሲያመልጠው ጓድ አስራት ሊስቅ ይገባው እንደሆነ ግራ ገብቶት አፉን ከፍቶ ቀረ። እንግዳው ዓይኑን ጠርጎ፣ ለመሆኑ ስንት እንጨት አላችሁ ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሰይድም መኪና ይሰጠኝና በእግሬ ገብቼ ልንገርዎ አሉ። የጓድ አስራት መኪና ተሰጣቸው።

ክረምቱ እስኪገባ የጎፍን ጫካ ሲወጡ ሲወርዱ ከረሙ። ጥዱን እያቀፉ ለኩ፤ ፎቶው ላይ ያለውን ጠቆር ያለ ቀይ ከእግራቸው ሥር ካለው ጋር አገናኙ። ግምቱ ሲያልቅ ስብሰባ ተጠራ። ጋሽ ሰይድ ዝቅተኛውና ከፍተኛው ይህ ነው፣ እውነቱ በመሃል የሆነ ቦታ ነው ብለው አቀረቡ። በዝቅተኛው ከሄድን፣ አሉ፣ ፋብሪካው ቀለሙ ሳይደርቅ ተራራው ራሰ በራ ይሆናል። አንዱ ተሰብሳቢ በከፍተኛው እንሂድ አለ። ጋሽ ሰይድ አልተቃወሙም። ጥሩ፣ አሉ፤ በከፍተኛው የሚሄድ ሰው ይነሳና እንጨቱ ይህን ያህል ነው ብሎ ይማል።

ሁሉም ወደ ጓድ አስራት ዞረ። ጓድ አስራት ቁጭ ብሎ ጫማውን አየ። «ግምት ላይ አይማልም» አለ ቀስ ብሎ። ማንም አልማለም። ፋብሪካው ለሌላ ጊዜ ይታይ ተባለ፤ ያ ሌላ ጊዜ ሳይመጣ መንግሥት ተለወጠ።

መንግሥት ሲለወጥ ጓድ አስራት ታሰረ። በየአዳራሹ ሕዝብ እየተጠራ ባለሥልጣን የነበረው ሁሉ ፊት ለፊት ይቀርብና የበደላችሁን ተናገሩ ይባል ነበር። የእሱ ተራ የደረሰ ቀን እኔና ጋሽ ሰይድ ጎን ለጎን ተቀምጠናል። ሰው እየተነሳ ተናገረ፤ ቀላል ነገርም ተነገረ፣ ቀላል ያልሆነም ተነገረ። ከዚያ አንድ ሰው ጋሽ ሰይድን በስም ጠርቶ፣ እርስዎንማ ሊያስገድልዎት ነበር፣ ይናገሩ አላቸው። ተነሱ።

«ረግረግ ውስጥ አስገብቶኛል» አሉ። «ግን ቀድሞኝ የገባው እሱ ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ሌላስ አላቸው። «የሌላውን ያየው ይናገር፤ እኔ ያላየሁትን አልጨምርም» ብለው ተቀመጡ። ጓድ አስራት ቀና ብሎ ፈለጋቸው፤ አላገኛቸውም፣ ጎንበስ ብለው መነጽራቸውን ይጠርጉ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ሰይድ ቢሮ አልገቡም። እትዬ ዘይነባ ምግብ በሳህን ቋጥረው ሰጥተዋቸው ወደ እስር ቤቱ ሲወርዱ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና አብሬአቸው ሄድኩ። የሰውዬው ቤተሰብ ጎጃም ነው፣ ማን ምሳ ያደርስለታል አሉኝ። በሩ ላይ ያለው ወጣት ታጣቂ ሳህኑን ከፍቶ ፈተሸና ቀና ብሎ ዘመዱ ነዎት ወይ ብሎ ጠየቃቸው።

ጋሽ ሰይድ እንደ ልማዳቸው ጥቂት አሰቡ።

«እስከ ትናንት አልነበርኩም» አሉት።